2001 ሴሊካ በ1.9 ሚሊዮን ብር ልግዛ ወይ ላልከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ አይቼ በሁለት መስመር ልመልስልህ ጀመርኩና ተውኩት፤ በሁለት መስመር የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ላላያችሁት፦ ልጁ ካዛንቺስ አካባቢ በፈረንጅ 2001 የተሠራች ቶዮታ ሴሊካ አግኝቷል። ባለቤቱ 1.9 ሚሊዮን ብር ብሏል፣ እሱ ያለው 2.1 ሚሊዮን ነው። ደላላው ደግሞ "የቤንዚን መኪና መግባት ቆሟል፣ ዋጋዋ ከዚህ በኋላ ይወጣል እንጂ አይወርድም፣ ብር ባንክ ከምታስቀምጥ ይቺን ያዝ" ብሎታል። ሁለት ዓመት ነድቼ ብሸጣት አተርፋለሁ ወይ ነው ጥያቄው።

ደላላው ግማሹን ልክ ነው። ዋጋዋ ሊወጣ ይችላል። ግን ዋጋ መውጣት ሌላ፣ ገዢ ማግኘት ሌላ። ይሄን እኔ የተማርኩት በራሴ ገንዘብ ነው።

የአንተኑ ዓይነት ሴሊካ ነበረችኝ። ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. በ450 ሺህ ብር ገዛኋት፣ ግንቦት 2016 በ1.3 ሚሊዮን ሸጥኳት። ይሄን ብቻ የሰማ ሰው ሁሉ "ሦስት እጥፍ!" ይለኛል። ለሽያጭ ያወጣኋት ግን ጥቅምት ላይ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ሰው ይመጣል፣ ይቀመጥባታል፣ ፎቶ ይነሳል፣ "እደውልልሃለሁ" ብሎ ይሄዳል። በዚያው ሰሞን ጎረቤቴ 2003 ኮሮላውን በአምስት ቀን ሸጦ ጨረሰ። ኮሮላን ቤተሰብ ይፈልጋታል፣ ነጋዴ ይፈልጋታል፣ ራይድ የሚሠራውም ይፈልጋታል። ባለ ሁለት በሯን የሚገዛት ወዷት የሚገዛ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ደግሞ ሙሉውን ገንዘብ በእጁ የያዘ መሆን አለበት፤ ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 ላይ የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ከገደበ በኋላ ለእንዲህ ያለ አሮጌ መኪና ብድር አገኛለሁ ብሎ የመጣ ገዢ እኔን አልገጠመኝም።

ጥር 2016 የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉ ሲሰማ ስልኬ ቀን ከሌት ጮኸ። እኔም 1.3 ያልኳትን ወደ 1.5 ከፍ አደረግኋት። ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነበር። ደዋዩ ሁሉ ዋጋ ጠያቂ እንጂ ገዢ አልነበረም፤ የእውነት ይፈልጋት የነበረውን አንድ ሰው በዚያች 200 ሺህ አሸሸሁት። በመጨረሻ ጥቅምት ላይ በጠራኋት ዋጋ ነው የወጣችው። አሁን ገበያው ላይ የምታያቸው ዋጋዎች በአብዛኛው የተጠሩ እንጂ የተከፈሉ አይደሉም፤ አንድ ማስታወቂያ ለአምስት ወር ሲመላለስ ካየህ ያ ዋጋ ገና ሰው አላገኘም ማለት ነው።

ይሄን ስል ብርህን ታቅፈህ ተቀመጥ ማለቴ አይደለም። እኔ የሸጥኩበትን ገንዘብ ሌላ መኪና እስክመርጥ ብዬ ባንክ አስገባሁት። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ የምንዛሪ ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ተደረገና 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ልገዛቸው ያየኋቸው መኪኖች ጥለውኝ ሄዱ። ስለዚህ ዕቃ መያዝ ብር ከመያዝ ይሻላል የሚለውን ሐሳብ አልቃወምም። ግን ሴሊካ በቸገረህ ቀን ወደ ገንዘብ የምትለወጥ ዕቃ አይደለችም፤ ስትቆምም ትበላለች። በስድስት ዓመት ተኩል ውስጥ ከቤንዚን ውጭ 310 ሺህ ብር አውጥቼባታለሁ፣ ደረሰኙን በፋይል ይዤ ነበር። ይሄ ደግሞ በድሮ ዋጋ ነው። ቤንዚን ራሱ በ2017 ሊትሩ ከ100 ብር አልፏል።

አሁን ወደ መኪናዋ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ጥሩ ምርጫ ይዘሃል። ሴሊካ ኮፈኗ ሥር ኮሮላ ናት። በፈረንጅ 1999 የወጣችው የመጨረሻዋ ትውልድ ላይ የተለመደው ሞተር 1ዜድዜድ ነው፤ 1,794 ሲሲ፣ በየመንገዱ የምታየው 1.8 ኮሮላ ውስጥ ያለው ራሱ። ካንዴላ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ጓርኒሲዮን፣ የሞተር ጎሚኒ ከፈለግህ ሶማሌ ተራ ጠዋት ወርደህ ከሰዓት ይገጠምልሃል። ቺንጋ ሳይሆን ሰንሰለት ስላለው በጊዜው የሚቀየር ቺንጋ ተበጥሶ ሞተር ያወድማል የሚለው ስጋት የለብህም። ከኮፈኑ ውጭ ያለው ሁሉ ግን የሴሊካ ብቻ ነው፤ የፊት መብራት፣ ፓራውልት፣ በር፣ የኋላ መስታወት። ሜክሲኮ ጋ አንድ ሚኒባስ የግራ መብራቴን ሰበረው፤ ዘመድ ከዱባይ በሻንጣ እስኪያመጣልኝ አራት ወር በአንድ ዓይን ነዳኋት። ስለዚህ ስታያት ከሞተሩ እኩል መብራቷንና መስታወቷን እየው። የተሰነጠቀ መብራት ካለ ከዋጋው ላይ የዋዛ ቅናሽ አትቀበል።

ከሷ በፊት የነበረኝ የጀርመን ባለ ስድስት ሲሊንደር ነበር። እንደዚያ ያለ ሞተር ድምፅ ደግሜ አልሰማሁም፣ እስካሁን ይናፍቀኛል። ግን በዚያ ዕድሜ ያለ መኪና የማቀዝቀዣው ፕላስቲክ ይደርቃል፤ የኔም አንድ ቀን ለገሃር መብራት ላይ ተሰነጠቀና ውሃው ወጣ፣ ሞተሩ ነደደ፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተጣመመ። ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ግማሽ ዓመት ግቢ ውስጥ ቆመ። ከገዛሁበት ባነሰ ነው የሸጥኩት። "ከሴሊካው በተመሳሳይ ዋጋ የጀርመን አለ" የሚል ሰው ከመጣብህ መጀመሪያ ለሱ መካኒክና ዕቃ አቅራቢ እንዳለህ ራስህን ጠይቅ። ዕቃ አስመጪ ዛሬ የሚያሰላው በዛሬው ምንዛሪ ነው፤ ብዙ ሰው ለሚነዳው መኪና ያስመጣል፣ ከተማ ውስጥ በጣት ለሚቆጠር መኪና አያስመጣም።

የሴሊካዋ 1ዜድዜድ ሞተር ግን የታወቀ ድካም አለው፦ እስከ ፈረንጅ 2002 አካባቢ የተሠሩት ፒስተናቸው ላይ ያለው የዘይት መመለሻ ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ በካርቦን ይደፈንና ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ይያዛል፤ ከዚያ ዘይት ይበላል። የአንተዋ 2001 ናት፣ ስለዚህ ይሄን ሳታጣራ ቀብድ እንዳትሰጥ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተህ ደረጃውን እይ። ቀጥለህ ከለገሃር ተነሥተህ ቸርችል ጎዳናን እስከ ማዘጋጃ ውጣ፣ ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፤ ከዚያ ዞረህ በማርሽ እግርህን ከቤንዚን አንስተህ ወደ ታች ውረድ፣ ቴዎድሮስ አደባባይን እንዳለፍክ በደንብ ርገጠው። ከኋላ በሌላ መኪና የሚከተልህ ጓደኛ ይኑር። ሰማያዊ ጭስ ካየ ዘይት ይበላል፣ የሞተር ሥራ ዋጋ ቀንስ ወይም ተዋት። መንገዱ ከሰፋና ከተስተካከለ ወዲህ ይሄ ፈተና ቀሏል፤ በእኔ ጊዜ ጉድጓድ እየዘለልን ነበር። በነገራችን ላይ ዳገቱ ላይ "ስፖርት መኪና ናት ይሏታል፣ ጉልበት የላትም" ብለህ አትደንግጥ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ተርቦ የሌለው ባለ 140 ፈረስ ጉልበት ሞተር እዚህ 105 ወይም 110 ቢሰጥህ ነው። ያ የከፍታው እንጂ የሞተሩ ጥፋት አይደለም።

ጎማውን በጥርሱ ብቻ አትመዝን። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብብ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመቱን ይናገራሉ። ብዙ ሳይነዱ የቆሙ መኪኖች ላይ ጥርሱ አዲስ የሆነ፣ ላስቲኩ ግን የደረቀ ጎማ ሞልቷል። ላሜራውን በማግኔት ነካካው፣ ስቱኮ (ተጋጭቶ የተጠገነ ቦታ የሚሞላበት) የበዛበት ቦታ ላይ አይዝም። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ መሆን አለመሆኑንም መካኒክህ ዳሽቦርዱ ሥር ገብቶ ይይ።

ወረቀቱ ላይ አደራ። ከተማችን የኤምባሲና የዓለም አቀፍ ድርጅት ከተማ ስለሆነች እንዲህ ያሉ መኪኖች ብዙ ጊዜ ከቀረጥ ነፃ የገቡ ናቸው። ቀረጡ ካልተከፈለ ስም አይዞርልህም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ያረጀ መኪና ላይ የሚጣለው ታክስ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል፣ ስለዚህ "ቀረጡን ኋላ እንጨርሳለን" የሚል ቃል መስማት የለብህም። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናዋ ጋር ራስህ አመሳክር። ዕዳና እግድ እንደሌለባት ከተመዘገበችበት ቢሮ ይጣራ። ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መሸጥንና ስም ማዛወርን የሚጨምር መሆኑን፣ ደግሞም ያልተሻረ መሆኑን ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ አረጋግጡ። ውሉ ላይ የከፈልከው ትክክለኛ ዋጋ ይጻፍ፤ ክፍያ ለመቀነስ ዝቅ አድርገን እንጻፍ የሚልህ ሰው ነገ ውሉ ቢፈርስ የሚመልስልህ የተጻፈውን ነው። ክፍያው በባንክ ዝውውር ወይም በሲፒኦ ይሁን።

ኢንሹራንስንም አትርሳ። መኪናዋን በድሮ ዋጋ አስመዝግበህ ብትቀጥል ጉዳት ሲደርስ የሚከፈልህ በተመዘገበው ልክ ተመጣጥኖ ነው። ዋጋው በየዓመቱ በሚቀያየርበት ጊዜ በየእድሳቱ ግምቱን አሳድግ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ጭስ ከሌላት፣ መብራትና መስታወቷ ሙሉ ከሆነ፣ ወረቀቷ ንጹሕ ከሆነ እኔ ከ1.6 እጀምርና ከ1.7 አላልፍም። በ1.9 ከገዛሃት የሚቀርህ 200 ሺህ ነው። የስም ማዛወሪያውንና 2 በመቶ የሚሉትን የደላላ ድርሻ ስትከፍል ከዚያም ይቀንሳል፤ ጎማና ፍሬን ሸራ የሚጨርሱት ገንዘብ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ 350 ሺህ ተለይቶ መቀመጥ አለበት፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ የቤትህ የስድስት ወር ወጪ። ይሄ ካልሞላ አትግዛት። ወዳጄ፣ ሠርግ ወይም ቤት ኪራይ ሲመጣ የምትሸጣት ከሆነ የምትሸጣት በችኮላ ነው፣ በችኮላ የተሸጠች ሴሊካ ደግሞ በኮሮላ ዋጋ እንኳ አትሄድም።

የምትሸጥበት ቀን ሲመጣ ለአንድ ደላላ ብቻ ስጣት። እኔ ለአራት ሰጥቼ አራት ዋጋ ተጠራባት፣ ገዢው ችግር ያለባት መሰለው። ከዛሬ ጀምረህ እያንዳንዱን ደረሰኝ ያዝ፤ የእኔን ገዢ ያሳመነው ያ ፋይል እንጂ ቀለሟ አልነበረም። ቀለሟን መልሰህ አትቀባ፣ ገዢ አዲስ ቀለም ሲያይ ሥሩ ምን አለ ይላል። ነሐሴና መስከረም ላይ ሰው ገንዘቡን ለትምህርት ቤት ክፍያ ነው የሚያወጣው፤ እኔ የተሻለ ገዢ ያየሁት በገናና በጥምቀት ሰሞን፣ ከውጭ የሚመጡት ሲመጡ ነው።

የእኔ መካኒክ ካዛንቺስ ለልማት ሲፈርስ ጋራዡን ወደ ሰሚት አዙሯል። በእነዚህ ሞተሮች ላይ እንደሱ ጆሮ ያለው ሰው አላውቅም። በውስጥ ጻፍልኝና አገናኛችኋለሁ፣ ለምርመራ ብቻ ቦታው ድረስ ይመጣል። ቅዳሜ ጠዋት ከሆነ እኔም እመጣለሁ። ለባለቤቱ ግን ዛሬውኑ ደውልለትና እኛ ሳንደርስ ሞተሩን እንዳያስነሣ ንገረው፤ ስንደርስ መጀመሪያ ኮፈኑን በእጅህ ንካው፣ ሞቆ ካገኘኸው ለምን ቀድሞ እንዳስነሣት ጠይቀው።