የሠራችሁትን ተመልሳችሁ እዩት

ይድረስ በደብረ ማርቆስ፣ በቢቸና፣ በሞጣ፣ በቡሬ፣ በዳንግላ ላላችሁ፣ ከዚያም ወጥታችሁ በየከተማው ለምትታገሉ ልጆቼ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የዓይን ነርስ ነኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ያገለገልኩ ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ ከሃያ ዓመት የሚበልጠውን ያሳለፍኩት በጎጃም ጤና ጣቢያዎችና ለዘመቻ በሚተከሉ ድንኳኖች ውስጥ የተቀለበሰ የዓይን ፀጉር በቀዶ ሕክምና ሳስተካክል ነው። ባለፈው ፋሲካ የወንድሜ ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ «አክስቴ፣ የምወደውን ሥራ በምን ላውቀው እችላለሁ?» ሲል ጠየቀኝ። እንግዳ ስለበዛና ቡና ስለቀረበ መልስ ሳልሰጠው ተለያየን። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ቀረ። የእሱ ብቻ ስላልመሰለኝ መልሱን ለሁላችሁም ጻፍኩት።

የተወለድኩት በእነማይ፣ ከቢቸና ብዙ በማይርቅ መንደር ነው። አያቴ የዓይን ማዝ ነበረባት። በሕክምናው ስም ትራኮማ የሚባለው ማለት ነው። በሕፃንነት በዝንብ፣ በእጅና በጨርቅ ይተላለፋል። ደጋግሞ ሲይዝ የዓይኑ ቆብ በውስጥ በኩል ይጠባሰሳል፤ ጠባሳውም ቆቡን ወደ ውስጥ ይጎትተውና ፀጉሩ ዓይኑን መፋቅ ይጀምራል። ሰው ዓይኑን ባርገበገበ ቁጥር ይወጋዋል ማለት ነው፤ ቀን ሙሉ፣ ዓመት ሙሉ። አያቴ ትንሽ ወረንጦ ከማተቧ ጋር አስራ ትይዝ ነበር። ጠዋት ፀሐይ ደጃፉን ስትሞላው ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ ታሳርፍና «ነይ የእኔ ዓይን፣ ልቀሚልኝ» ትለኛለች። ስምንት ዓመቴ ነበር። አንድ በአንድ እነቅልላታለሁ፤ ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ መልሶ ይበቅላል። አዲስ የበቀለው ደግሞ አጭርና ሸካራ ስለሆነ ከበፊቱ የባሰ ይወጋታል። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ የግራ ዓይኗ እንደ ወተት ነጣ።

በመንደራችን ይህ የእርጅና ዕጣ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ብዙ ዘመን ቆይቶ በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት እንኳ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው 100 ሕፃናት ውስጥ ከ60 በላይ የሚሆኑት በሽታው ተገኝቶባቸዋል። ያን ቁጥር ሳነብ የታየችኝ አያቴ ነበረች፤ ሕፃን ሆና።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ወደ ሙያዬ የገፋኝ እናንተ ፍቅር የምትሉት ስሜት አልነበረም። ንዴት ነበር። ነቅዬ ነቅዬ ያላዳንኳት መሆኑ እንደ እሾህ ውስጤ ተሰክቶ ቀረ። የምትወዱትን ሥራ ስትፈልጉ ደስ የሚላችሁን ብቻ አትፈልጉ። አልጋ ላይ ጋደም ስትሉ እየተመለሰ የሚጎረብጣችሁን፣ «ይህ እንዲህ መሆን አልነበረበትም» የሚያሰኛችሁን ነገር ልብ በሉ። ለአንዳችሁ በአፈሩ አሲድነት ምርት እየከለከለ ያለው የአባታችሁ ማሳ ሊሆን ይችላል፤ ለሌላዋ ደግሞ ጥበቡ ከአያቷ ጋር ሊቀበር ያለው የመንደሯ ስፌት።

ቀዶ ሕክምናውን ስሠለጥን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ተሰጥኦ አለሽ ያለኝ ሰው አልነበረም፣ የለኝምም። የነበረኝ የእናቴ ትምህርት ነው። እናቴ ሰፌድና ሙዳይ ሰፊ ነበረች። አክርማውን አርሳ፣ ስንደዶውን አስተካክላ፣ ወስፌዋን ይዛ ስትቀመጥ ማንም አያናግራትም። ሦስት ዙር ከሰፋች በኋላ ከታች አንዲት ጥመት ብታይ ሦስቱንም ዙር ትፈታዋለች። «ብተወው ጥመቱ እስከ አፉ ድረስ ይከተለኛል» ትል ነበር። እኔም ማታ ማታ የበግ ቆዳ በሰሌዳ ላይ ወጥሬ በመርፌ መያዣ እየሰፋሁ፣ እየፈታሁ፣ እንደገና እየሰፋሁ ከረምኩ። ሥራው በቃል ሲነገር ቀላል ነው፤ ቆቡን ማደንዘዝ፣ ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ መቁረጥ፣ ጠርዙን ወደ ውጭ አዙሮ በሦስት ቦታ መስፋት። ሩብ ሰዓት እንኳ የማይሞላ ሥራ። አንድ ሚሊ ሜትር ማነስ ወይም መብለጥ ግን የሰው ዕድሜ ልክ ነው።

አሁን ልነግራችሁ የምፈልገው ላይ ደረስኩ።

ጥቂት ዓመታት ሠርቼ እጄ ፈጠነ። በዘመቻ ቀን ከባልደረቦቼ ሁሉ በላይ የምሠራው እኔ ነበርኩ፤ ተመሰገንኩ፤ ወረቀትም ተሰጠኝ። ሙያዬን እንደማውቅና እንደምወደው እርግጠኛ ነበርኩ። አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ ወደ ሰከላ ሄጄ፣ ከግሽ ዓባይ ወረድ ባለች መንደር ከዓመት በፊት ዓይናቸውን የሠራሁላቸውን እናት አገኘኋቸው። አንገታቸው ላይ ወረንጦ ታስሯል። ደነገጥኩ። ቆባቸውን ገልጬ ሳየው በጠርዙ በኩል አምስት ፀጉር ወደ ውስጥ ተመልሷል። እሳቸው ግን አልተቆጡኝም። እጄን ይዘው፣ «ልጄ፣ ያን ዕለት ደክሞሽ ነበር መሰለኝ» አሉኝ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እስከ ዛሬ ያ ቃል ይሰማኛል። ደክሞኝ አልነበረም፤ ሥራዬን ተመልሼ አይቼው ስለማላውቅ ነው። ስፌቱ ከሳምንት በኋላ ይወጣል፤ ሕመምተኛው አመስግኖ ይሄዳል፤ እኔም ምስጋናውን እንደ ውጤት ቆጥሬ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። የጥመቱ መታያ ጊዜ ግን ገና ነው።

በማግስቱ ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር ገዛሁ። የማንኛውንም ሰው ስም፣ ቀበሌ፣ የትኛው ዓይን እንደሆነ፣ የሠራሁበትን ሰዓት ሁሉ መጻፍ ጀመርኩ። በገበያ ቀን ሰው ይሰበሰባልና ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ እየወጣሁ የሠራኋቸውን መፈለግ ያዝኩ። ይህን ለማድረግ የከፈለኝም ያዘዘኝም አልነበረም፤ ባልደረቦቼም ሥራ ፈት አድርገው ሳያዩኝ አልቀሩም። ሁለተኛው ደብተር ሲያልቅ አንድ ነገር ታየኝ። ከተመለሰባቸው ሰዎች አብዛኞቹ የግራ ዓይናቸውን የሠራሁላቸው ነበሩ፤ ፀጉሩም የሚመለሰው በውጭው ጠርዝ በኩል ነው። ቀኝ እጅ ነኝ። ከራስጌ ተቀምጬ ስሠራ በዚያ በኩል ክንዴ ያጥርና ምላጩ ጫፍ ሳይደርስ ይመለሳል። ይኸው ነው። ወንበሬን አንድ ክንድ ያህል ወደ ጎን ማዞር ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ፤ ያን ለማወቅ ግን ሁለት ደብተርና የብዙ እናቶች ሕመም ፈጀብኝ።

ታላቅ ወንድሜ የቆሎ ተማሪ ነበር። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ለክረምት ሲመጣ የቅኔ ቤቱን ነገር ያጫውተን ነበር። ተማሪው ቀኑን ሙሉ ለብቻው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ ማታ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ መምህሩም በጓደኞቹ ፊት ያርመዋል፣ ሲሳሳትም መልሶ ይሰደዋል። ነገም እንዲሁ። ጎጃም በቅኔ ስሟ የገነነው ልጆቿ ከሌላው ይልቅ ብልህ ሆነው ስለተወለዱ ነው ብዬ አላምንም። ሥራህ በየማታው ፊትህ የሚታረምበት ቤት ስለነበራት ነው። ዓይናቸው የማያየው እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያን ጉባኤ ዘርግተው፣ ሴት ሆነው ለወንዶች ቅኔ ያስተማሩት በዚሁ አገር ነው። ዓይን ስሠራ ስለኖርኩ ይሆናል እሳቸውን ብዙ ጊዜ የማስባቸው።

እናንተ ዛሬ የምትሠሩትን በየማታው የሚያርምላችሁ ማን ነው? የሚያመሰግናችሁ ሰው ሞልቷል፤ ስልካችሁ ላይ ፎቶውን አይቶ የሚወድላችሁ አይጠፋም። እኔ የምላችሁ የሠራችሁት ወንበር ከዓመት በኋላ ይነቃነቅ እንደሆነ ገዢው ቤት ሄዳችሁ ቁጭ ብላችሁ እዩት። የጠገናችሁት ስልክ እንደገና የተበላሸበትን ሰው አትሽሹት፤ አስቁማችሁ ጠይቁት። ግጥም የምትጽፉ ከሆነ የማያዝንላችሁን አንድ አንባቢ ፈልጉ። አንገት የሚያስደፋ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። ግን የምትወዱት ሥራው ይሁን ሙገሳው የሚለየው እዚያ ቦታ ላይ ነው።

በ2008 ዓ.ም. በክልላችን 1000 ሕሙማን የተሳተፉበት የጥናት ውጤት ታተመ። እኔ ዘመኔን ሁሉ በሠራሁበት ዘዴ ፀጉሩ በዓመት ውስጥ ከ100 ሰዎች በ22 ላይ ሲመለስ፣ ቆቡን ገልብጦ በውስጥ በኩል ብቻ በሚቆርጠው በሌላው ዘዴ ግን የተመለሰው በ13 ላይ ነበር። ያን ጊዜ ከሃምሳ ዓመት አልፌ ነበር። ያን ሌላውን ዘዴ ልማር ስቀመጥ አሠልጣኜ የልጄ እኩያ የሆነ ወጣት ነበር። «እንደሱ አይደለም እትዬ፣ እንደገና» ሲለኝ መጀመሪያ ፊቴ ጋለ፤ በኋላ ግን የበግ ቆዳውንና እናቴን አስታወሰኝና እንደገና ጀመርኩ።

ዘመናችሁ ከእኔ ዘመን የሚከብድበት ነገር እንዳለ አላጣሁትም። ትምህርት ቤታችሁ ተዘግቶ ዓመት የባከነባችሁ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት ያስለቀሳችሁ፣ ወላጅ ለመደገፍ ስትሉ ደብተር ጥላችሁ ሥራ የገባችሁ አላችሁ። ለእናንተ «ሕልምህን ተከተል» ብሎ ማለፍ ጭካኔ ይመስለኛል። መጀመሪያ ብሉ። ባጃጅ የሚነዳ፣ የቀን ሥራ የሚሠራ ልጅ ከሚወደው ሙያ ርቋል አይባልም፤ በቀን አንድ ሰዓት ለዚያ ሙያ ካስቀረ መንገዱ ላይ ነው። እኔም የበግ ቆዳዬን የሰፋሁት ከአዳር ተረኝነት ስወጣ ነው። ብቻ ለዚያች ለምትሠሩባት አንድ ሰዓት ደብተር ያዙላት። ምን እንደሠራችሁ፣ ምን እንደተበላሸ፣ ለምን እንደመሰላችሁ ጻፉ።

የሰከላዋን እናት ጤና ጣቢያ አምጥቼ ደግሜ ሠራሁላቸው። ወንበሬን አዙሬ። በዓመቱ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ፤ ፀሐይዋ ፊት ለፊት እያበራችባቸው ዓይናቸውን አላጠበቡም። ቆባቸውን ገልጬ አየሁ፤ አንድም ፀጉር አልነበረም። አንገታቸው ላይ ማተቡ ብቻ ነው ያለው። ወረንጦው የት ሄደ ብዬ ጠየቅኳቸው። በጣታቸው ከቤቱ ጀርባ አመለከቱኝ፤ የልጅ ልጃቸው ተቀምጦ ከእግሩ እሾህ ያወጣበት ነበር።