ሰማያዊው ላይ ብርሃን እምቢ ሲል

ነጩን ተዪው። የጣናን ንጋት በሰማያዊ ዘይት ቀለም በተከታታይ እየሳልሽ፣ ብርሃን ለማምጣት ነጭ በጨመርሽ ቁጥር ኖራ የተቀባ ግድግዳ መሰለብኝ ያልሽው ከዚያው የመጣ ነው። ነጭ ሰማያዊን ያደበዝዘዋል እንጂ አያበራውም።

ሸራውን መጀመሪያ በርንት ሲየና በሚባለው ቀላ ያለ ቡናማ ቀለም በስሱ ቀቢውና ይድረቅ። ሰማያዊውን ስትደርቢበት ቡናማው እዚህም እዚያም ብቅ ይበል፤ ሁሉንም አትሸፍኚ። ከደንገል ታንኳዋ ሥር ያለውን ጥላ በአልትራማሪን፣ ማለትም በጥልቁ ሰማያዊ፣ እና በዚያው ቡናማ አጥቁሪው። ጥቁር ቀለም አያስፈልግሽም፣ የሁለቱ ድብልቅ ይበቃል። ጥላው ሲጠቁር ውሃው በራሱ ይበራል። ነጭ የሚገባው ፀሐይዋ ውሃውን የነካችበት አንዲት መስመር ላይ ነው፤ እሱም ቢጫ ጠብ ተደርጎበት።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። እኔ ባሕር ዳር አንድ ክረምት ሙሉ ሥዕሎቼን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተውኳቸው። ዝናብ እንዳይነካቸው ብዬ እኮ ነው! መስከረም ላይ ሳገላብጣቸው ሰማዩ ወደ አረንጓዴ ሄዷል። ቀለሙ የተለወሰበት የተልባ ዘይት ጨለማ ውስጥ ቢጫ ይላል፣ ሰማያዊ ላይ ደግሞ ወዲያው ያሳብቃል። መስኮት አጠገብ ሳቆማቸው አብዛኛው ቀስ እያለ ተመለሰ።