ሮቶው ውስጥ ያየሁት ትል ልጄ ሆድ ውስጥ ይሆን?

ሐኪምዎን ይጠይቁ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ስለሆነ፣ ግቢያችን ውስጥ በብረት መቆሚያ ላይ ባስቀመጥነው ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ነው የምንጠቀመው። ባለፈው እሑድ ዕቃ ሳጥብ ከቧንቧው ቀጭን ቀይ ትል ወርዶ ሳህኑ ላይ ተጥመለመለ። ባለቤቴ መሰላል አቁሞ ሮቶውን ሲከፍተው ሥሩ ጭቃ፣ ግድግዳው አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ይዟል። ከገዛነው ሁለት ዓመት ሆነው፤ አንድ ቀን አጥበነው አናውቅም። የ1 ዓመት ከ3 ወር ልጄን በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተቅማጥ ይዞታል። የአሁኑ ከጀመረው አራተኛ ቀኑ ነው፤ ቀጭን ውሃ ነው የሚያስቀምጠው። አማቴ «ጥርስ ነው» ይላሉ። እኔ ደግሞ ለባለቤቴ ታዞለት ከተረፈው ፍላጂል ግማሽ ግማሽ ክኒን ለሁለት ቀን ሰጠሁት። ጎረቤቴ ሮቶው ውስጥ በረኪና ጨምሩበት አለችን፤ በረኪና አንጀት ይልጣል ሲባል ስለሰማሁ ፈራሁ። ሮቶውን በምን ላጽዳው?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ሮቶ ማጽዳት ነው። ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነበው ግን እንቅልፍ የነሳዎት ሌላ ነገር መሰለኝ፦ ያ ትል ልጄ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይሆን? ሁለት ዓመት ሙሉ ሳላጥበው ልጄን ያሳመምኩት እኔ እሆን?

ከትሉ ልጀምር። ልጅዎ ሆድ ውስጥ የለም። ያዩት ቀይ ነገር ትንኝ የምትመስል፣ ሰው የማትነክስ ነፍሳት እጭ ነው። እናቲቱ ክዳኑ ባልገጠመበት በኩል ገብታ ውሃው ላይ እንቁላል ትጥላለች፤ እጩ ሥር ያለውን ጭቃ እየበላ ያድጋል። ልጅዎ ውጦት ቢሆን እንኳ ሆዱ ይፈጨዋል እንጂ ሆድ ውስጥ አይኖርም። የልጆች ሆድ ውስጥ የሚኖረው ወስፋት ሌላ ፍጡር ነው፤ ነጣ ያለ፣ ረጅም፣ እንቁላሉ በአፈርና ባልታጠበ አትክልት የሚመጣ። ሮቶ ውስጥ አይዋኝም። የዚያ ቀይ እጭ መልእክት ስለ ሮቶው ነው፦ ክዳኑ ክፍት ነው፣ ሥሩም ጭቃ ተጠራቅሟል።

ጥፋቱን በተመለከተ፣ በዚህ ዕድሜ የሚመጣ ቀጭን ተቅማጥ አብዛኛው የቫይረስ ነው። አገራችን ውስጥ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የሮታ ቫይረስ ክትባት ከባዱን ይከላከላል፤ ሁሉንም ግን አያስቀርም። ልጅዎ የሚድህበት፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ የሚከትበት ዕድሜ ላይ ነው። የቆሸሸ ሮቶ ሊያሳምመው ይችላል፤ መጽዳቱም ግድ ነው። ሦስቱንም ተቅማጥ በሮቶው ላይ አላክክም፤ እርስዎም ራስዎን አይክሰሱ።

ስለ ሮቶው እመለስበታለሁ። አራተኛ ቀኑን ቀጭን ውሃ የሚያስቀምጥ ልጅ ቤት ውስጥ እያለ መጀመሪያ ስለ በረኪና ማውራት አልችልም። ልጅን የሚገድለው ተቅማጡ ራሱ ሳይሆን ከሰውነቱ ወጥቶ ያልተተካው ውሃ ነው። እናቶች ደግሞ ደጋግመው የሚሳሳቱበት አንድ ምልክት አለ። እሱም ዝምታ ነው።

ተረኛ በነበርኩበት አንድ ሌሊት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን በጋቢ ጠቅልለው መጡ። «ቀኑን ሙሉ ሲያለቅስ ዋለ፤ ከመሸ ግን እግዜር ይመስገን ተረጋጋ፤ ጡት እምቢ ስላለ ብቻ ነው ያመጣሁት» አሉኝ። ጋቢውን ስገልጠው ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ገብተው ግማሽ ክፍት ነበሩ። ስጠራው አላየኝም። የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ተነስቶ እንደቆመ ቆየ፤ ቀስ እያለ ነው የተመለሰው። ልጁ የተረጋጋው ተሽሎት አልነበረም፤ የሚያለቅስበት አቅም አልቆበት ነው። ጉሉኮስ ለመትከል ደም ሥሩን ሦስት ሰው ተጋግዘን ፈለግን። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አልጋው ላይ ተቀምጦ ብስኩት ሲቆረጥም አየሁት። አያቲቱ ግን «ተረጋግቷል ብዬ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር» እያሉ ሲያለቅሱ ነበር፤ ያ አነጋገራቸው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ስለዚህ የሚያለቅስ፣ የሚነጫነጭ፣ ኩባያ ሲያይ የሚንጠራራ ልጅ አያስደንግጥዎ፤ ውሃ ጠምቶታል፣ ይስጡት። የሚያስፈራው ፈዞ የሚተኛው፣ ሲጠሩት ዞር የማይለው፣ ሲሰጡት የማይጠጣው ነው። ሲያለቅስ እንባው ይወርዳል? እርግብግቢቱ ገና ካልገጠመ፣ ጎድጉዷል? ዓይኖቹስ? ስድስት ሰዓት ሙሉ ሳይሸና ቆይቷል? ተቅማጡ ውሃ ስለሆነ ዳይፐሩ ላይ ሽንቱን መለየት ያስቸግራል፤ ከፊት በኩል ትንሽ ጥጥ ቢያደርጉለት ያውቁታል። በጀርባው አስተኝተውም ከእምብርቱ ጎን ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት አንስተው ይልቀቁት። ወዲያው ተመልሶ መተኛት አለበት። ሁለት ሴኮንድ አልፎ ካልተመለሰ ልብስ ለመቀየር እንኳ አይቆዩ፤ እያጠጡት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ጤነኛ ሲሆንም ይሞክሩት፤ እጅዎ ይለምደዋል፤ ልዩነቱንም ያውቁታል።

የሚያጠጡት ለምለም ነው፤ ሌላ ቦታ ኦአርኤስ የሚሉት። ጤና ጣቢያም መድኃኒት ቤትም አለ። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ ብዙውን ጊዜ አንዱ ከረጢት ለ1 ሊትር ውሃ ነው፣ ማለትም ሁለት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ባስቀመጠው ቁጥር አንድ የቡና ሲኒ ያህል በማንኪያ ቀስ እያሉ ይስጡት። ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ጠብቀው እንደገና ይጀምሩ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቀመጥ። ከዚሁ ጋር ዚንክ በቀን 20 ሚሊ ግራም ለ10 ቀን ይሰጠዋል፤ ተቅማጡ ቢቆምም ዐሥሩን ቀን ይጨርስ። ጡትና ምግብ አይከልክሉት።

አሁን ስለ ፍላጂሉ። እህቴ፣ በዚህ ነገር መቆጣቴን አልደብቅዎትም። ፍላጂል ለአሜባና ለጃርዲያ ይሠራል፤ ቫይረስን አይነካም። አፍን መራራ ያደርጋል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል፤ ፈሳሽ እያለቀበት ያለን ልጅ ማስመለስ ማለት ምን እንደሆነ ከላይ ነግሬዎታለሁ። የልጅ መድኃኒት በኪሎ ነው የሚሰላው፤ አባት አንድ ከዋጠ ልጅ ግማሽ ይውጣል የሚል ሒሳብ የለም። ይባስ ብሎ ሁለት ቀን ተውጦ ሲቋረጥ ሰገራው ውስጥ ጥገኛ ተሕዋስ ቢኖር እንኳ ምርመራው ሊያመልጠው ይችላል። አራት ቀን ሲያስቀምጥ ጤና ጣቢያ አልሄዱም፤ መሳቢያ ውስጥ የተረፈ ክኒን ግን አገኙ። ይህን በየሳምንቱ አያለሁ፤ በየሳምንቱም ያናድደኛል። የቀረውን ክኒን ዛሬውኑ ከቤት ያስወግዱ።

ለአማትዎም በአክብሮት ይንገሩልኝ፤ ጥርስ ተቅማጥ አያመጣም። ጥርስ የሚያወጣበት ዕድሜና ሁሉን ነገር አፉ የሚከትበት ዕድሜ አንድ ስለሆነ ነው የሚመሳሰለው። ድዱን አስፍቀው «ግግ» የሚያወጣ ሰው ጋ እንዳይወስዱት አደራ።

ወደ ሮቶው እንመለስ። ጎረቤትዎ ልክ ናት፤ ግን በጭቃው ላይ በረኪና መጨመር ዋጋ የለውም። ክሎሪኑ ጭቃውንና ዝልግልጉን ሲታገል ያልቃል፤ ጀርሙ ከሥሩ ተደብቆ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ሮቶው የሚያስገባውን ይዝጉ፣ ውሃውን አውጡት፣ ግድግዳውን በረጅም እጀታ ባለው ብሩሽ ፈትጉት፣ ጭቃውን አጥባችሁ አፍስሱ። ከላይ በክዳኑ በኩል ይሠራል፤ ሰው ውስጥ አይግባ፣ በተለይ «ትንሽ ስለሆነ ይገባል» ተብሎ ልጅ እንዳይገባ። የልብስ ሳሙና አያስፈልግም፤ አረፋው ታጥቦ አያልቅም።

ከዚያ በረኪናው። ሽታ ያልተጨመረበት፣ መጠኑ ላዩ ላይ የተጻፈ፣ ጊዜው ያላለፈ ይሁን፤ በረኪና ሲቆይና ፀሐይ ሲመታው ኃይሉን ያጣል። 5 በመቶ የሆነው በረኪና ለ1,000 ሊትር ውሃ 1 ሊትር ይበቃዋል፤ ሮቶው 500 ሊትር ቢሆን ግማሽ ሊትር። ውሃው ግማሽ ሲደርስ ጨምሩት፣ ከዚያ እስከ አፉ ይሙላ፤ በዚህ መንገድ በደንብ ይቀላቀላል። ቤት ውስጥ ያሉትን ቧንቧዎች በየተራ ክፈቱ፤ የበረኪና ሽታ እስኪመጣ ይፍሰስ፣ ከዚያ ዝጉ። ወጥ ቤቱን፣ ሻወሩን፣ ደጅ ያለውንም እንዳትረሱ፤ ዝልግልጉ ቧንቧው ውስጥም አለ። ሌሊቱን 12 ሰዓት ያህል ይቆይ። ያን ሌሊት ከሮቶው ማንም አይጠጣ፣ አይታጠብ። ጠዋት አፍስሱት፤ በንጹህ ውሃ ሙሉና ሽታው እስኪጠፋ በሁሉም ቧንቧ አውርዱ።

በሳምንት አንዴ ውሃ ለሚያይ ቤት አንድ ሺህ ሊትር አፍስሱ ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። የፈሰሰው ለሽንት ቤትና ለግቢ እጥበት ይውላል። እሱም ካልሆነ፣ ከተፈተገ በኋላ በ20 ሊትር ባልዲ ውሃ አንድ የቡና ሲኒ በረኪና አድርጉና የሮቶውን ግድግዳ በሙሉ በሱ አርጥቡት፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቃችሁ አለቅልቁት። ለቧንቧዎቹ የመጀመሪያው መንገድ ይሻላል፤ ይህኛው ግን ምንም ካለማድረግ እጅግ ይበልጣል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለምሳሌ በመስከረምና በመጋቢት፣ ቢደረግ ሮቶው ያን ያህል አይከፋም። ክዳኑ የሚገጥም ይሁን፤ መተንፈሻ ቀዳዳ ካለውም ወንፊት ይታሰርበት። ውሃ ቆይቶ ሲመጣ የመጀመሪያው ደፍራሽ ነው፤ መስመሩ ባዶ ሲሆን በተሰነጠቀው በኩል ቆሻሻ ስቦ ይገባልና። ያ ወደ ሮቶ እንዳይገባ እስኪጠራ ደጅ ይፍሰስ።

«አንጀት ይልጣል» የተባለው ያልተበረዘው በረኪና ነው፤ እውነትም ይልጣል። በተባለው መጠን ተበርዞ፣ ቆይቶ፣ ታጥቦ የወጣ ሮቶ ግን ልጅዎን አይጎዳውም፤ የከተማው ውሃ ራሱ ክሎሪን ተጨምሮበት ነው የሚመጣው። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፦ በረኪና በሃይላንድ ጠርሙስ ገዝቶ ወለል ላይ ማስቀመጥ። የሚድህ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ይህ አይደረግም። ሽንት ቤት ከሚታጠብበት አሲድ ጋርም ፈጽሞ አይቀላቀል፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል።

ሮቶው ቢጸዳም የልጁን መጠጥ ማፍላትዎን አያቁሙ፤ አንዳንድ ጥገኛ ተሕዋስ ክሎሪን ይቋቋማል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ መንተክተክ ሲጀምር አያውርዱት፤ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። በፈላበት ዕቃ ተከድኖ ይቀዝቅዝ፤ እጅና ኩባያ አይንከርበት። ጡጦ የሚጠቀም ከሆነ ጡጦውም ይቀቀል፤ ቢቻል በኩባያ ይለውጡለት።

ነገ ጠዋት ልጁን ይዘው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የክትባት ካርዱን ይያዙ፣ ይመዘን፣ ሰገራው ይታይ። ፍላጂል እንደሰጡት ሳይደብቁ ይንገሯቸው። ሰገራው ውስጥ ደም ካዩ ወይም ከአሁን ጀምሮ ዝም ካለብዎ ግን ነገን አይጠብቁ።