«ነጻ የወጣ ባሪያ» ይባላል?

ጥያቄ፦ ባርነትን ከሻረው አዋጅ በኋላ የኖሩትን «ነጻ የወጡ ባሪያዎች» ማለት ልክ ነው? ነጻ ከወጡ በኋላ እንዴት ባሪያ ይባላሉ?

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። «የወጡ» የሚለው ገላጭ የፈታውን ሰው «ባሪያ» የሚለው ስም መልሶ ያስረዋል። «የፈታት ሚስቱ» ይባል የለም ወይ ብለው የሚከራከሩ አሉ። ይባላል፤ ነገር ግን «ሚስቱ» ነገሩ ከባልየው ወገን መነገሩን ያሳያል። ስለ ጌታው ሲተረክ «ነጻ ያወጣቸው ባሮቹ» ቢባል አልቃወምም። ስለ ሰዎቹ የኋላ ኑሮ ሲጻፍ ግን «ከባርነት የወጡ ሰዎች» ይባል።

ግሱም ዘመኑን ይጠብቅ። የመጋቢት 1916 ዓ.ም. ሕግ ነጻነትን ከጌታው ሞት ጋር አያያዘው እንጂ ባንዴ አልሰጠም። ያን ጊዜ በጌታው ቤት የነበረው ሰው ገና «ነጻ የሚወጣ» ነው። «የወጣ» ለሁሉም የሚሠራው ባርነትን በሕግ ከሻረው ከነሐሴ 1934 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ ነው።

ከዚያም በኋላ ብዙዎቹ መሬት ስላልነበራቸው ከጌቶቻቸው ደጅ አልራቁም፤ አሽከር ወይም ጭሰኛ ሆኑ። ወንዱ ከ«ባሪያ» ወደ «አሽከር» ሲሻገር ሴቲቱ አዲስ ስም እንኳ አላገኘችም፤ በፊትም «ገረድ»፣ በኋላም «ገረድ»። ስለዚህ በቆየ ጽሑፍ ውስጥ «ገረድ» ሲያጋጥምዎ ስሙን ትተው ግሱን ይዩ። «ተገዛች»፣ «ተወረሰች» ካለ ባርነት ነው፤ «ተቀጠረች» ካለና ደመወዝ ከተጠቀሰ ሌላ ነው።

ግእዙ ወንዱን «ገብር»፣ ሴቲቱን «አመት» ይላል። «ገብር» ከ«ገብረ» (ሠራ) ነው፤ መሬት ይዞ ግብር የሚከፍለው «ገባር»ም ከዚያው ሥር ወጥቷል። «ባርያ» ግን በንጉሥ ዒዛና ጽሑፍ የሕዝብ ስም ነው። የሕዝቡ ስም ወርዶ የባርነት መጠሪያ ሆነ የሚለውን አምናለሁ፤ በሰዎቹ የኋላ ኑሮ ላይ ይህ ቃል ሲለጠፍ የሚከብደኝም ለዚህ ነው።

ሆሄውን በተመለከተ፣ «ነጻ» ከግእዙ «ነጽሐ» (ንጹሕ ሆነ) ስለመጣ በ«ጸ» ይጻፋል። «ነፃ» ብሎ የሚጽፈው እንደሚበዛ፣ «ነጻ የወጡ ባሪያዎች»ም አንባቢን ግር እንደማይለው መካድ አልችልም፤ ልማዱ አሸንፏል። ለእኔ ጆሮ ግን ከሁሉም «አርነት የወጡ» ይጥማል፤ ከግእዙ «ሐራዊ» (ጨዋ፣ ባሪያ ያልሆነ) ጋር ስለሚዛመድ ለነገሩ ከ«ነጻ» ይልቅ ይቀርባል።