እስክንድር የቤት ኪራይ ይከፍላል ወይ?

ከአንዲት የሦስተኛ ዓመት የታሪክ ተማሪ የደረሰኝ ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ከሃይስኩል ጀምሮ በታላቁ እስክንድር ታሪክ የተለከፍኩ ነኝ። ማስተርሴን በመቄዶንያ ወረራና በግሪክ ባህል መስፋፋት ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። የሚያስተምረኝ አጎቴ ግን ‹እስክንድር የቤት ኪራይ አይከፍልልሽም፣ ማታ ማታ አካውንቲንግ ጀምሪ› ይለኛል። ግሪክኛ አልችልም። ግዕዝ ሰንበት ትምህርት ቤት ትንሽ ተምሬ ነበር። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ አጎትሽ ግማሹን ልክ ናቸው። «የእስክንድር ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል የሥራ ማስታወቂያ እኔም አይቼ አላውቅም።

ከሥራ ገበያው ሌላ ደግሞ ሜዳው ራሱ የተጨናነቀ ነው። እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ334 ወደ እስያ ተሻገረ፣ በ331 ጋውጋሜላ ላይ የፋርሱን ንጉሥ ዳርዮስን ድል ነሳ፣ በ323 ባቢሎን ውስጥ በ32 ዓመቱ ሞተ። አብረውት የዘመቱት ሰዎች የጻፏቸው መጻሕፍት ጠፍተዋል። ዛሬ የምናነባቸው አሪያንና ፕሉታርክ የጻፉት ከ400 ዓመት በላይ ቆይተው ነው። እነዚያኑ ጥቂት መጻሕፍት ስንት ትውልድ አገላብጧቸዋል። እዚያ ላይ አዲስ ነገር ተናግሮ ስኮላርሺፕ ማግኘት ይከብዳል። (እውነቱን ለመናገር እኔ ሰውዬውን ያን ያህል አልወደውም። ጢሮስን ሰባት ወር ከብቦ ከያዘ በኋላ የተረፈውን ሕዝብ ለባርነት ሸጦታል። እሱ ግን የኔ ጣጣ ነው።)

ሀብቱ ያለው ከሞተ በኋላ ባለው ዘመን ነው። የጦር አዛዦቹ አገሩን ተቀራመቱት። ግብፅን ፕቶሌሚ፣ ከሶርያ እስከ ፋርስ ያለውን ሴሌውከስ ያዘ። ግሪክኛ የግብር፣ የፍርድ ቤትና የንግድ ቋንቋ ሆነ። አፍጋኒስታን ውስጥ አይ ኻኑም በምትባል ቦታ ቲያትር ቤትና ጂምናዝየም ያለው ከተማ ተቆፍሮ ወጥቷል። የህንዱ ንጉሥ አሾካ ሳይቀር ካንዳሃር ላይ አዋጁን በግሪክኛና በአራማይክ አስቀርጿል።

አንድ ነገር ላሳይሽ። ግብፅ፣ ፋዩም ውስጥ ዜኖን የሚባል የአንድ ትልቅ ባለሥልጣን ርስት አስተዳዳሪ ነበር። ሰውዬው ወረቀት አይጥልም። ደብዳቤው፣ ውሉ፣ የወጪ ሂሳቡ፣ ወደ 2,000 የሚጠጋ ፓፒረስ (ከደንገል የተሠራ የጥንት ወረቀት) ተርፎልናል። አንዱ የሠራተኛ አቤቱታ ነው። አመልካቹ ግሪክ አይደለም። ሶርያ ውስጥ በግመሎች ሥራ ላይ ተመድቦ ነበር። ደመወዙን ከልክለውታል። ጭራሽ በደመወዙ ፋንታ ተራ ወይን ጠጅ ውሰድ ብለውታል። የናቁኝ ባዕድ ስለሆንኩ ነው፣ እንደ ግሪክ መሆን አላውቅበትም ይላል። በረሃብ እንዳልሞት ደመወዜ በየጊዜው ይከፈለኝ ብሎ ይለምናል። ይህ ሁሉ የተጻፈው ግን በግሪክኛ ነው። ስለ ባህል መስፋፋት ከዚህች ቁራጭ ወረቀት የበለጠ የሚያስረዳኝ ጦርነት የለም።

የሥራው ነገር የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ኦክሲሪንኩስ ከሚባለው የግብፅ ከተማ የቆሻሻ ክምር ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ቁራጭ ፓፒረስ ወጥቷል። አብዛኛው እስከዛሬ አልታተመም። እጥረቱ የሚያነበው ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ሰው ቤተ መዛግብት፣ ሙዚየምና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቦታ አለው። ቦታው ብዙ ነው አልልሽም፣ ግን አለ።

አሁን በአንድ መስመር ወዳለፍሻት ግዕዝ እንምጣ። አንቺን ከሌላው አመልካች የምትለይሽ እሷ ናት። የግዕዝ ብሉይ ኪዳን የተተረጎመው እስክንድርያ ውስጥ ከተዘጋጀው የግሪክኛ ትርጉም ነው። የአክሱም ነገሥታት በወርቅ ገንዘባቸው ላይ በግሪክኛ ይጽፉ ነበር፤ ኢዛናም ድሉን በግሪክኛና በግዕዝ አስቀርጿል። ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ባለችው አዱሊስ ደግሞ ሦስተኛው ፕቶሌሚ በግሪክኛ ያስቀረጸው ድንጋይ ቆሞ ነበር። አባቱና እሱ ለጦርነት ዝሆን እንዳስያዙ ይናገራል። ድንጋዩ ዛሬ የለም። ጽሑፉን የምናውቀው ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ስለገለበጠው ነው፤ እንዲገለበጥ ያዘዘው ደግሞ ዐፄ ካሌብ ነው። ግሪክኛና ግዕዝ አንድ ላይ የሚያነብ ሰው በዓለም ላይ በጣም ጥቂት ነው።

ስለዚህ ግሪክኛውን ዛሬውኑ ጀምሪ፣ ማስተርሱን አትጠብቂ። የሐዲስ ኪዳን ግሪክኛ በነገረ መለኮት ኮሌጆች ይሰጣል። በአድማጭነት ይቀበሉሽ እንደሆነ ሄደሽ ጠይቂ። ከእስክንድር በኋላ የተስፋፋው ግሪክኛም ይኸው ስለሆነ ጊዜሽ አይባክንም። ኢንተርኔት ላይ ፐርሲየስ የሚባለው ቤተ መጻሕፍት ጽሑፎቹን ከነመዝገበ ቃላቱ በነፃ ያስነብባል። ግዕዙንም ከመዝሙር አውጥተሽ በሰዋስው አጥብቂው።

ሲኒየር ኤሴይሽን በዘመቻው ላይ አትሥሪ። በግዕዙ ዜና እስክንድር ላይ ሥሪ። ከግሪክ ተነስቶ በዓረብኛ በኩል የመጣ ታሪክ ነው፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ እስክንድር የሚጸልይና ሥላሴን የሚያምን ንጉሥ ሆኖ አርፎታል። ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጥናት ማዕከል አለው። ቶሮንቶም ግዕዝ ያስተምራል። እዚያ ላሉ መምህራን «ከልጅነቴ ጀምሮ ታሪክ እወዳለሁ» ብለሽ ብትጽፊ ዘወር ብለው አያዩሽም። «ይህን ገጽ ከግዕዝ ተርጉሜ ከግሪክኛው ጋር አስተያይቻለሁ» ብትይ መልስ ልታገኚ ትችያለሽ።

ስኮላርሺፕ ዓመት ሁለት ዓመት ሊያስጠብቅሽ ይችላል። እስከዚያ ማስተማር፣ ሙዚየም፣ የቅርስ ቢሮ፣ የብራና ዲጂታል ቅጂ ፕሮጀክት፣ አስጎብኚነትም ቢሆን አትናቂ። እንግሊዝኛና ታሪክ የምታውቅ አስጎብኚ እንጀራ አታጣም።

አጎትሽን አትጣይ። ከፋዩ እሳቸው ናቸው። አካውንቲንጉንም «ከግሪክኛው አንድ ዓመት በኋላ» ብለሽ ተደራደሪ፤ ሁለቱን ባንዴ ከጀመርሽ ሁለቱም ይበላሻሉ። ደግሞ የዜኖን ፋይል በሂሳብ የተሞላ ስለሆነ ዴቢትና ክሬዲት ማወቅሽ የትም ወድቆ አይቀርም።

ርዕስሽን ከማስጸደቅሽ በፊት ግን የግዕዙ ጽሑፍ እጅሽ መግባቱን አረጋግጪ። ባጅ የሚባል እንግሊዛዊ ምሁር በ1896 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር አሳትሞታል። የቆየ ኅትመት ስለሆነ ኢንተርኔት ላይ ፈልጊው፣ ካጣሽው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትን ጠይቂ። ርዕስ አጽድቀው ምንጭ ፍለጋ ሲንከራተቱ ሴሚስተሩ ያለቀባቸው ተማሪዎች ብዙ ናቸው።