በጎጃም ማሳና ደን ወፎችንና ተሳቢ እንስሳትን ለምታጠኑ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ወደ ጎጃም ገጠር ለጥናት ስትወጡ አስቀድሜ የምለምናችሁ የዝርያ ቁጥርን ብቻ ይዛችሁ ለመፍረድ እንዳትቸኩሉ ነው። ዋንዛና ብሳናው ያልተቆረጠበት ማሳ በወፍ ዝርያ ብዛት ከአንድ የደብር ደን ላያንስ ይችላል፤ በሁለቱ የሚኖሩት ወፎች ግን አንድ አይደሉም። ጉንጯ ነጭ የሆነችው ቱራኮ የተባለች ወፍ በጣና ዳር ደኖች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየሮጠች የሾላ ፍሬ ትለቅማለች፤ አረንጓዴ ገላዋ ከቅጠሉ ጋር ስለሚመሳሰል የምትታየው ክንፏን ዘርግታ ደም የመሰለው ላባዋ ብልጭ ሲል ነው። የበላችውን ፍሬ ዘር ራቅ አድርጋ ስለምትጥል፣ ደኑ ሲመነጠር ወፏ ብቻ ሳትሆን የነገው ዛፍም አብሮ ይጠፋል። በቦታዋ የእርሻ ወፍ ቢገባ ቁጥሩ ይሞላል፤ ሥራዋ ግን አይሞላም።

ስለ ተሳቢ እንስሳት ሳስብ የሚያሳዝነኝ በወፍ ሰዓት ተፈልገው «የሉም» ተብለው መመዝገባቸው ነው። ወፍ ጎህ ሲቀድ ይጮኻል፤ እንሽላሊትና እባብ ግን ሙቀታቸውን ከፀሐይ ስለሚያገኙ በደጋው ብርድ እስከ ረፋድ ከተሸሸጉበት አይወጡም። ስለዚህ ወፉን በማለዳ ቆጥራችሁ ፀሐይ የእርከኑን ካብ እስክታሞቀው ታገሡ፤ ያነሳችሁትን ድንጋይም እንደነበረ መልሱት፣ ከሥሩ ያለው እርጥበት ለብዙዎቹ መጠለያ ነውና። ወደ ጮቄ ተራራ በወጣችሁ ቁጥር የተሳቢዎቹ ዝርያ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ይህን ያመጣው ብርዱ ሆኖ ሳለ በእርሻው እንዳታሳብቡ፣ የምታወዳድሩት ማሳና ደን በተቀራረበ ከፍታ ላይ ያለ ይሁን።

ወቅቱም ያሳስታል። ከሰሜን አገር የሚመጡት ግራጫ ክሬኖች (እግራቸውና አንገታቸው ረጅም የሆኑ ወፎች) በበጋ በጣና ዙሪያ በታጨደ ማሳ ላይ ቃርሚያ ሲለቅሙ ይሰነብታሉ፤ በክረምት ብቻ የተሠራ ዝርዝር አያገኛቸውም።

እረኞችን ጠይቁ፤ የትኛው ካብ ውስጥ እባብ እንዳለ ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። በአጋም ቁጥቋጦ ላይ እስስት ካያችሁ ደግሞ አንዱ ዓይኗ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ሲያይ፣ እንደ ቅጠል እየተወዛወዘች ስትራመድ ለልጆቹ አሳዩአቸው። ብዙ ሰው ፈርቷት ይገድላታል፤ መርዝ የላትም፣ የምትበላውም ነፍሳትን ነው። በመዝገባችሁ ላይ ከፍታውን፣ ሰዓቱንና የአየሩን ሁኔታ ምንም ባላገኛችሁበት ቀን እንኳ ሳትጽፉ አትመለሱ።