«መብራቱን ክፈትልኝ»፦ ቻይናውያንን እንግሊዝኛ ለምታስተምሩ ልጆቼ

ከቻይናውያን ጋር እየሠራችሁ ማታ ማታ እንግሊዝኛ የምታስጠኗቸው ልጆች በዝታችኋል። አንዳንዶቻችሁ እየደወላችሁ «ጋሼ፣ ከየት ልጀምር?» ትሉኛላችሁ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ከዚያ ውስጥ ጥቂቱን ዓመት እዚሁ አዲስ አበባ ለሥራ የመጡ ቻይናውያን መሐንዲሶችን አስተምሬአለሁ። ስለ ሁሉም ነገር ልጽፍላችሁ አልችልም። ስለ አንድ ቃል ብቻ ልጻፍ፤ መክፈት ስለሚባልበት ስለ እንግሊዝኛው «ኦፕን»።

አንድ ቀን ትምህርት ላይ እያለን መሸ፣ ክፍሉ ጨለም አለ። አንዱ ተማሪዬ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ፕሊስ ኦፕን ዘ ላይት» አለኝ። እኔም «መብራት ሣጥን ነው እንዴ የሚከፈተው?» አልኩት። ሌሎቹ ሳቁ። እሱ ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት ክፍል ውስጥ ቃል አልተነፈሰም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያን ዕለት ቤት ስገባ እናቴ «ቴሌቪዥኑን ክፈትልኝማ» አለችኝና በቆምኩበት ደርቄ ቀረሁ። እኛም እኮ ቴሌቪዥን እንከፍታለን፣ ራዲዮ እንከፍታለን፣ ዘፈን እንከፍታለን! መብራት ላይ ስንደርስ «አብራ» የሚል ቃል ስላለን ነው እንጂ እኛም ያው ነን።

ተማሪዬ የተናገረው የራሱን ቋንቋ ነበር። በቻይንኛ «ካይ» ማለት መክፈት ነው፤ ግን በር ላይ አይቆምም። መብራት ማብራት «ካይ ደንግ» ነው። መኪና መንዳት በካይ ነው፣ ስብሰባ ማድረግ በካይ ነው፣ አበባ ሲፈካም ካይ ነው፣ የፈላ ውኃ ስሙ ራሱ «ካይ ሹዌይ» ነው፣ ቃል በቃል የተከፈተ ውኃ እንደማለት። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝም ካይ ነው፤ ስለዚህ አንድ ቀን «ዶክተሩ መድኃኒት ከፈተልኝ» የሚል እንግሊዝኛ ከሰማችሁ ጠርሙሱን ከፈተለት ማለት እንዳይመስላችሁ፣ አዘዘለት ማለት ነው። ቻይንኛው ዝም ብሎ የቆመን ነገር ሥራ ማስጀመርን ሁሉ በአንድ ቃል ይይዛል። እንግሊዝኛው ደግሞ እጅ ምን እንዳደረገ ያያል። የውኃና የጋዝ ቧንቧ መክፈቻው ይዞር ነበር፤ «ተርን» ማለት መዞር ነው፣ እንግሊዞች መብራት አብራ የሚሉበት «ተርን ኦን» የመጣው ከዚያ ነው። ዛሬ ስክሪን በጣት ነክተን ስናበራው እንኳ ቃሉ መዞሩን አልተወም። ይህን ለተማሪ ስትነግሩት ፊቱ ሲበራ ታያላችሁ። «እንዲህ አይባልም» ከማለት ሺህ ጊዜ ይሻላል።

ሁሉንም ግን እንደ ስሕተት አትቁጠሩበት። በር፣ ሱቅ፣ የባንክ ሂሳብ፣ አፍ፣ በእንግሊዝኛም በቻይንኛም በአማርኛም ይከፈታሉ። ከሚገናኙበት ጀምሩ፣ ተማሪው ልቡ ይረጋጋል፣ ከዚያ ወደሚለያዩበት ውሰዱት።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፣ ወደ ቃሉ ትውልድ። «ኦፕን» ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፣ ከጀርመንኛው «ኦፈን» ጋር አንድ ዘር ነው፤ ወደ ላይ ከሚለው «አፕ» ጋርም ዘመድ ነው። ጀርመኖች እስከ ዛሬ በሩ ክፍት ነው ለማለት «አውፍ» ይላሉ፣ ወደ ላይ የሚሉበትም ቃል እሱው ነው። ቻይናዎቹ ቃሉን ሲጽፉ ደግሞ በድሮው ፊደል ሥዕሉ በር ነው፤ በበሩ ውስጥ መቀርቀሪያ አለ፣ ከመቀርቀሪያው ሥር ሁለት እጆች አሉ። መቀርቀሪያውን የሚያነሡ እጆች! በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ መንግሥት ፊደሎቹን ሲያቀልል በሩ ወጣና እጆቹና መቀርቀሪያው ብቻ ቀሩ። ታይዋንና ሆንግ ኮንግ ግን እስከ ዛሬ ከነ በሩ ይጽፉታል።

መዝጋትም እንደዚያው ነው። የቻይንኛው «ጓን» የጥንት ትርጉሙ የበር መቀርቀሪያ ነው። የእንግሊዝኛው «ሸት» ደግሞ መወርወር ከሚለው «ሹት» ጋር ዘመድ ነው፣ መጀመሪያ ትርጉሙ መቀርቀሪያ መወርወር ነበር። ተገናኝተው የማያውቁ ሁለት ሕዝቦች አንድ በር ላይ ቆመው አንድ ነገር አዩ። ይህን ለክፍሉ በነገርኩበት ማታ ያ ዝም ያለው ልጅ ተነሥቶ ሰሌዳው ላይ የድሮውን ፊደል ጻፈልኝ፣ ከጎኑም በር ሣለ።

ከአጠቃቀሙ አንዲት ነገር ብቻ፣ ብዙ ስለምታስቸግር። ሱቁ ክፍት ነው ለማለት «ኢዝ ኦፕን» ነው፣ «ኢዝ ኦፕንድ» አይባልም። ሱቁ ዝግ ነው ሲባል ግን «ኢዝ ክሎዝድ»። ተማሪ «ለምን አንዱ ላይ ብቻ ድ ይጨመራል?» ብሎ ይጠይቃል፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። «ኦፕን» መጀመሪያ ቅጽል ነበር፣ ግሡ ከእሱ ወጣ፤ ስለዚህ ያለ ምንም ጭማሪ ሁኔታን ይገልጻል። «ክሎዝ» የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው፤ ያለ «ድ» ቅጽል ሲሆን በ«ስ» ድምፅ «ክሎስ» ይሆንና ቅርብ ማለት ይሆናል። ተማሪው ሱቁ ዝግ ነው ሊል ፈልጎ ሱቁ ቅርብ ነው ይላል። ይህን ቶሎ አስተምሩት፣ ደክሞት ሄዶ በተዘጋ ሱቅ በር ላይ እንዳይቆም።

ለጎልማሶቹ ተማሪዎቻችሁ ደግሞ አንድ የሚያውቁትን ነገር አንሡላቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1978 ጀምሮ አገራቸው የተከተለችው የለውጥ መንገድ ስሙ ውስጥ «ካይ ፋንግ» የሚል አለ፣ በሯን ከፈተች ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ሲተረጎም «ኦፕኒንግ አፕ» ይባላል። እዩት እስቲ፣ «ኦፕን» እና «አፕ»፣ ሁለቱ ዘመዳሞች ጎን ለጎን! የእኔ ተማሪዎች ይቺን ሲሰሙ ስለ ልጅነታቸው ማውራት ጀመሩ። ቤታቸው መጀመሪያ ቴሌቪዥን የገባበትን ቀን፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ሲያይ፤ የተሰባበረ እንግሊዝኛ ነበር፣ ግን ሰዓቱ አልፎ አንድም ሰው ከወንበሩ አልተነሣም። ያ ልጅም አወራ። አባቱ ገዝቶ ያመጣውን ቴሌቪዥን መጀመሪያ የከፈተው እሱ እንደነበር ሲነግረን «አይ ኦፕን ዘ ቲቪ» አለ። ታሪኩን እስኪጨርስ አላረምኩትም።